ከሦስት ዓመት ልጅ ጋር ከተማ መጎብኘት

ጥያቄ፦ ከሦስት ዓመት ልጃችን ጋር አንድ ትልቅ ከተማ ለአራት ቀናት ልንጎበኝ አስበናል። ሙዚየምና የቆዩ ሕንፃዎች ማየት የምንፈልገው እኛ ስለሆንን፣ እርሷ ሳትሰለች ቀኑን እንዴት ማሳለፍ እንደምንችል ልምድ ያላችሁ ብታካፍሉን እናመሰግናለን።

መልስ 1፦ በቀን ከአንድ በላይ ዋና ጉብኝት አታቅዱ። ሙዚየሙን ልጅቷ ንቁ በምትሆንበት ጠዋት ላይ አድርጉት፤ ውስጥ ሳላችሁም በየሥዕሉ ላይ ፈረስ ወይም ወፍ እንድትፈልግ ብታደርጓት፣ እናንተም የፈለጋችሁትን ረጋ ብላችሁ ታያላችሁ። የእኔ ልጅ ግን ከሁሉም አብልጦ የወደደው ተንቀሳቃሹን ደረጃ ነበር።

መልስ 2፦ የቀን እንቅልፏን ለጉብኝት ብላችሁ አታስቀሩባት፤ ማታ በለቅሶ ታስከፍላችኋለችና። በልጅ ጋሪ የምትተኛ ከሆነ ሕንፃዎቹን ያን ጊዜ ተመልከቱ።

መልስ 3፦ ለትንሽ ልጅ አውቶቡሱና ባቡሩ ራሳቸው ጨዋታ ስለሆኑ፣ መስኮት አጠገብ አስቀምጧት።