ሱፐርቻርጀር ከመግጠሜ በፊት የትኛውን ፒስተን ልምረጥ?

ጤና ይስጥልኝ፣ የሞተር ባለሙያዎች። የ2012 ፎርድ ሙስታንግ ጂቲ አለኝ፤ ሞተሩ 5.0 ሊትር ኮዮት ቪ8 ነው። ሱፐርቻርጀር (አየር በግፊት ወደ ሞተሩ የሚያስገባ መሣሪያ) ልገጥምለት ቆርጫለሁ፤ ውስጡን ሳላጠናክር ግን አልጀምርም። ቢዬላዎቹን (ፒስተኑን ከክራንክሻፍቱ ጋር የሚያገናኙትን ዘንጎች) እና የዘይት ፓምፑን ጥርሶች በጠንካራ ብረት እቀይራለሁ፤ በዚህ ላይ ጥርጣሬ የለኝም።

ያስጨነቀኝ ፒስተኑ ነው። ተቀጥቅጠው ከሚሠሩት መካከል ሁለት ዓይነት የአሉሚኒየም ቅይጥ አለ። 4032 የተባለው ሲሊከን ስለሚበዛበት ሲሞቅ ብዙም አይሰፋም፤ ስለዚህ ጠበብ ብሎ ይገጠማል፣ ሞተሩ ሳይሞቅም አያንኳኳም። 2618 ደግሞ ይበልጥ ስለሚሰፋ ላላ ብሎ ይገጠማል፤ ነገር ግን ነዳጁ ያለጊዜው ቢፈነዳ ቶሎ አይሰነጠቅም። መኪናዋን በየቀኑ እነዳታለሁ፤ የማስበው የሱፐርቻርጀር ግፊት 10 ፒ.ኤስ.አይ ገደማ ነው። ልቤ ወደ 2618 ያደላል፤ ጧት ጧት የሚያንኳኳው ድምፅ ግን ሲሊንደሩን ይበላው ይሆን?

የመጨመቅ ምጣኔውንስ እንደ ፋብሪካው 11 ለ 1 ልተወው ወይስ ወደ 9.5 ላውርደው? ባወርደው ከፍንዳታ ይጠብቀኛል፤ በዝቅተኛ ዙር ግን ጉልበቷ እንዳይደክም እሰጋለሁ።

ሌላው የፋሻው፣ ማለትም ፒስተኑን የሚከበው ቀለበት፣ የጫፎቹ ክፍተት ነው። በሙቀት ሰፍቶ ጫፎቹ ከተገናኙ የፒስተኑን ጠርዝ ይሰብራል። ለዚህ ግፊት ምን ያህል ክፍተት ትተዋላችሁ? በእጃችሁ የገጣጠማችሁ እባካችሁ ምከሩኝ።