የእንጀራ አያታችን ልጆች ከቤት ውጡ አሉን፣ መብት የለንም?

የዱባይዋ
ሰላም ወገኖች፣ ህግ የምታውቁ ካላችሁ እባካችሁ ምከሩኝ። ያሳደገኝ የአያቴ ባል ነው፣ የስጋ አያቴ አይደለም ግን አባባ እያልኩት ነው ያደግኩት፣ ባለፈው ወር አረፈብን። ከአያቴ ጋር በ1974 ተጋብተው ቤቱን በ1978 በቤት ስራ ማህበር ነው አዲስ አበባ ላይ የሰሩት፣ ካርታው ግን በሱ ስም ብቻ ነው። አያቴ በ2012 ሞተች፣ እናቴ ከሷ ቀድማ ነው ያረፈችው፣ ወንድሜ እስካሁን ሰርቪሱ ውስጥ ይኖራል፣ አዳማ ደግሞ አንድ አጎት አለን የአያቴ ልጅ። አሁን አባባ ከፊተኛዋ ሚስቱ የወለዳቸው ልጆች በሰልስቱ ማግስት ድንኳኑ እንኳን ሳይነሳ ወንድሜን "እስከ አርባው ልቀቅ" አሉት። ጎረቤት የጻፈው ሁለት ሰው የፈረመበት ኑዛዜም አለን ይላሉ። የጣሪያውን ቆርቆሮ እንኳን ያስቀየርኩት እኔ ነኝ ከዚህ እየላክሁ፣ እንደ ልጅ አልቆጠርም ወይ?

የልደታው
እህቴ ነፍስ ይማር። መራሩን ልንገርሽ፣ ከአባባ በህግ ምንም አትወርሺም። ማሳደግ ብቻውን ልጅ አያደርግም፣ ፍርድ ቤት ያጸደቀው ጉዲፈቻ ከሌለ። ግን አንቺ የምትወርሺው አያትሽን ነው እኮ! በትዳር ውስጥ የተሰራ ቤት በአንዱ ስም ቢመዘገብም የጋራ ነው ተብሎ ነው የሚገመተው፣ የቤተሰብ ህጉ አንቀጽ 63 ላይ አለ፣ የግሉ ነበር የሚል ካለ እሱ ያስረዳ። ባል ደግሞ ሚስቱን አይወርስም ኑዛዜ ካልተወችለት፣ ይሄን ብዙ ሰው አያውቅም ሁሉም ግማሹን ወረሰ ነው የሚለው። ስለዚህ የአያትሽ ግማሽ ያኔ እንደሞተች ለልጆቿ ነው ያለፈው፣ ከጠቅላላው ቤት ሩቡ የአጎትሽ፣ ሩቡ በእናትሽ ምትክ ያንቺና የወንድምሽ። የሱ ግማሽ የልጆቹ ነው፣ እሱን አትንኩት።

ባለጉዳይ ነበርኩ
ኑዛዜው አያስጨንቅሽ። ሌላ ሰው የጻፈው ከሆነ በአራት ምስክር ፊት መነበብ አለበት፣ ሁለት የሚበቃው አንዱ ዳኛ ወይ ውል አዋዋይ ሲሆን ነው። ቢጸና እንኳን የራሱን ድርሻ እንጂ የሚስቱን መናዘዝ አይችልም። እኔን የሚያስፈራኝ ይርጋው ነው፣ ማለት ክስ የማቅረቢያው ጊዜ ገደብ፣ ፍትሐብሄር ህጉ አንቀጽ 1000 ላይ መብትሽን ካወቅሽና ሌላ ሰው ንብረቱን ከያዘ 3 ዓመት ይላል፣ እነሱ ከ2012 ጀምረው ሊቆጥሩባችሁ ይሞክራሉ። ወንድምሽ እዛው መኖሩ ነው የሚያድናችሁ፣ ንብረቱን እኛም ይዘነው ነበር ትላላችሁ። በምንም ተአምር እንዳይወጣ!! እኛ ለእርቅ ብለን ወጥተን አራት ዓመት ተመላልሰናል።

የልደታው
ትክክል። ወንድምሽ አሁኑኑ የወራሽነት ማስረጃ ያውጣ፣ ቤቱ እንዳይሸጥ ስም እንዳይዞር ደግሞ እግድ ይጠይቅ። አንቺ ከቆንስላ ውክልና ላኪለት፣ እዚህ ውጭ ጉዳይ ከዛ ሰነዶች ማረጋገጫ ይሄድበታል። የቆርቆሮውን ብር የላክሽበትን ደረሰኝም አትጣይው፣ ባለቤት ባያደርግሽም ወጪ ነው ብለሽ ትጠይቂበታለሽ።

የዱባይዋ
እግዜር ይስጥልኝ ሁላችሁንም። ወንድሜ ትናንት የአያቴን የቆርቆሮ ሻንጣ ሲፈትሽ የማህበሩን መዋጮ ደረሰኞች በላስቲክ ተጠቅልለው አገኘ፣ ከግማሽ በላዩ በሷ ስም ነው የተቆረጠው፣ ፎቶ አንስቶ ላከልኝና ሳለቅስ አመሸሁ። ሰኞ ኦፍ ነኝ ቆንስላ እሄዳለሁ። አጎቴ ግን ስልክ አያነሳም፣ ከነሱ ጋር ተስማምቶ ይሆን እንዴ?

ባለጉዳይ ነበርኩ
ቢስማማም ባይስማማም የሱን ሩብ እንጂ የናንተን አይሸጥም። ወንድምሽን አዳማ ላኪው፣ በአካል ያናግረው፣ ግን የሰርቪሱን ቁልፍ ለማንም እንዳይሰጥ።