ሱቁን አልለቀቅኩም፣ የጠበቃው ገንዘብስ?

ወገኖች፣ መርካቶ የጨርቃጨርቅ ሱቅ ተከራይቼ ስድስት ዓመት ሠራሁ። ውሉ ሰኔ 30 አለቀ፤ አከራዬ የሐምሌንና የነሐሴን ኪራይ ዝም ብለው ተቀበሉ። መስከረም ላይ "እጥፍ ካልከፈልሽ ልቀቂ" ብለው ከሰሱኝ። ክሳቸው ውድቅ ሆነ፣ እኔ ግን ለጠበቃ 40,000 ብር ወጣብኝ። ይመለስልኛል?

— እህቴ፣ የውሳኔውን የመጨረሻ ገጽ እዪ። "ወጪና ኪሳራ ይቻቻሉ" ካለ፣ ማለትም ሁለታችሁም የየራሳችሁን ወጪ ቻሉ ከተባለ፣ ይግባኝ ካላልሽ በቀር አለቀ። "መብቷ ተጠብቋል" ካለ ግን የወጪ ዝርዝር ታቀርቢያለሽ፤ የፍትሐ ብሔር ሥነ ሥርዓት ሕጉ ቁጥር 462 እና 463 ነው። ልኩን የሚወስነው ዳኛው ነው።

— አዲሱ የኪራይ አዋጅ፣ 1320/2016፣ አይጠቅማትም?

— እሱ ለመኖሪያ ቤት ነው፣ ሱቅን አይነካም።

— ጠበቃው ደረሰኝ ሰጥቶሻል? እኔ ሁሉንም በእጅ ከፍዬ፣ የተፈቀደልኝ የቴምብርና የኮፒ ብቻ ነበር። እስካሁን ያንገበግበኛል።

— (ጠያቂዋ) መነጽሬን አድርጌ አየሁት፣ "ተጠብቋል" ይላል! ደረሰኝ ግን የ15,000ው ብቻ ነው ያለኝ፤ ቀሪውን በቴሌብር ላክሁ።

— መልእክቱን እንዳታጠፊው! አሳትመሽ ከጥብቅና ውሉ ጋር አያይዢው።