በአውሮፓ ኅብረት የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ አቅራቢ ነን ወይስ ተጠቃሚ? ያለፈበት ሰው ካለ

ሰላም ወገኖች፣ ግራ ገብቶኛል። ስድስት ሆነን የምንሠራ ትንሽ የሶፍትዌር ድርጅት ነን። የሥራ አመልካቾችን ሲቪ እያነበበ ነጥብ የሚሰጥ ፕሮግራም እንሸጣለን። ፕሮግራሙን ከሌላ ኩባንያ ገዝተን የራሳችንን ስምና ሎጎ ነው የለጠፍንበት። ሁለት ደንበኞቻችን ደግሞ አውሮፓ ኅብረት ውስጥ ናቸው።

እ.ኤ.አ. በ2024 የወጣው የኅብረቱ የሰው ሠራሽ አስተውሎት ሕግ ለቅጥር የሚውለውን ከከፍተኛ ስጋት ጎራ መድቦታል። እዚህ ድረስ ገብቶኛል። በቃለ መጠይቅ ላይ ከአመልካቹ ፊት ስሜቱን የሚገምት ነገርም ነበረን፤ ሕጉ ይህን ስለሚከለክልና ክልከላውም ከፌብሩዋሪ 2025 ጀምሮ ስለሚሠራ ነቅለን ጣልነው። (ድሮም አላምነውም ነበር።)

የተጣበቅኩት ሎጎው ላይ ነው። በራስ ስም መሸጥ አቅራቢ ያደርጋል ይላል ሕጉ፤ ማለትም ፕሮግራሙን ለገበያ ያወጣውና ስለ አሠራሩ የቴክኒክ ሰነድ መያዝ ያለበት እኛ እንሆናለን፣ ገዝቶ እንደሚሠራበት ተጠቃሚ ብቻ አንታይም። ታዲያ የቴክኒክ ሰነዱን ከየት ላምጣ? ሻጩን ብጠይቅ ሁለት ገጽ ማስታወቂያ ላከልኝ። በምን ዳታ እንደሠለጠነ አንድ መስመር የለበትም። ለትናንሽ ድርጅቶች ቅጣቱ ከሁለቱ ጣሪያዎች (ከተወሰነ ገንዘብና ከገቢ መቶኛ) በዝቅተኛው ይታያል ቢባልም፣ እኛን ያም ቢሆን ይዘጋናል።

ሎጎውን ባነሳው ይቀለኛል? ወይስ ሻጩን በውል ላስገድደው? እናንተ ውሉ ላይ ምን አስገባችሁ?