ከስብከት ወደ ሕግ እንዴት ተሻገሩ? ግራ ገብቶኛል

ሰላም፣ የአሜሪካ ታሪክ የምታውቁ እባካችሁ ድረሱልኝ። በ19ኛው ክፍለ ዘመን ስለነበረው የፀረ መጠጥ ንቅናቄ እየጻፍኩ መሃል ላይ ቆሜ ቀረሁ።

መነሻው አላስቸገረኝም። እንደ ፈረንጆች በ1830 ሰባኪው ቻርልስ ፊኒ ኒውዮርክ ግዛት፣ ሮቸስተር ከተማ ገባ። ጀልባዎች ጭነት የሚያመላልሱበት የኢሪ ቦይ ከተከፈተ ገና 5 ዓመቱ ነው። ከተማዋ በዱቄት ንግድ ደርታለች፣ ውስኪም እንደ ልብ ነው። ንስሐ የፈለገ ሰው ፊት ለፊት ባለ አግዳሚ ወንበር ይቀመጥና ይጸለይለታል። የፊኒ ባልደረባ ቴዎዶር ዌልድ በአዲስ ዓመት ዋዜማ ስለ መጠጥ ሲሰብክማ ነጋዴዎች በማግስቱ የውስኪ በርሜላቸውን ደጅ አውጥተው ሰባበሩት! ይቺን ሳነብ ሳቄ መጣ።

ችግሬ እዚህ ጋ ነው። ፊኒ ያስተማረው ሰው በገዛ ፈቃዱ ኃጢአትን መተው ይችላል ብሎ ነው። ታዲያ በ1851 ሜይን ግዛት የመጠጥ ንግድን በሕግ ስትከለክል ፖሊስን ምን አመጣው? በጠጪነት ይታሙ የነበሩት የአይሪሽና የጀርመን ስደተኞች መብዛት ነው የሚሉ አሉ። እኔ ግን ሠራተኛው ሳይሰክር እንዲመጣላቸው የፈለጉ አሠሪዎችም እጃቸው ያለበት ይመስለኛል። የቱን ላስቀድም? ወይስ ሃይማኖቱ ራሱ ወደ ሕግ የሚገፋ ነገር ነበረው? ዓርብ ማስረከብ አለብኝ።