ጥቆማ፦ የኦቫሪ ዕጢ ሲጠረጠር የትኛው ምርመራ? መውለድን ለማቆየትስ የትኛው መንገድ?

ጥያቄ፦ ለ29 ዓመት፣ ገና ላልወለደች ሴት ነው የምጠይቀው። በአልትራሳውንድ ቀኝ ኦቫሪ (እንቁልጢ) ላይ 7 ሴንቲ ሜትር የሆነ፣ ጠጣር ክፍል ያለው ዕጢ ታይቷል። ሲኤ-125 (በደም የሚለካ የዕጢ ጠቋሚ) ደግሞ 48 ወጥቷል። ከቀዶ ሕክምና በፊት ምን ይታይ? እንቁላል ማቀዝቀዝ፣ ጽንስ ማቀዝቀዝ ወይስ በየወሩ የሚሰጠው መርፌ?

መልስ 1፦ በ48 ብቻ ካንሰር ነው ማለት አይቻልም። የተለመደው ጣሪያ 35 ነው፤ ሆኖም የወር አበባ፣ ኢንዶሜትሪዮሲስ፣ ማዮማ፣ የዳሌ ኢንፌክሽን፣ የሆድ ዕቃ ቲቢና የጉበት በሽታም ያስነሱታል። በሌላ በኩል ደረጃ 1 ላይ ካሉ ታማሚዎች ግማሽ በሚሆኑት ቁጥሩ ከፍ ሳይል ይቀራል፤ ስለዚህ ከ35 በታች መውጣቱም ነጻ አያደርግም። በዚህ ዕድሜ ኤኤፍፒ፣ ቤታ ኤችሲጂ እና ኤልዲኤች የሚባሉ የደም ምርመራዎች ይጨመሩ። ከ40 ዓመት በታች ባሉ ሴቶች ላይ ዕጢው ከእንቁላል ሕዋሳት የሚነሳው ዓይነት (ጀርም ሴል) ሊሆን ይችላልና፣ ሕክምናውም የተለየ ነው።

አልትራሳውንዱ በብልት በኩል ካልተሠራ ይደገም፤ ከሆድ ላይ ከሚሠራው ይልቅ ኦቫሪን በቅርበት ያሳያል። ውጤቱ ላይ «ሲስት አለ» ተብሎ መጻፉ በቂ አይደለም። የጠጣሩ ክፍል መጠን፣ ውስጡ ያሉ ግድግዳዎች ውፍረት፣ የደም ዝውውሩ፣ ሆድ ውስጥ ፈሳሽ መኖሩና የሌላኛው ኦቫሪ ሁኔታ ይጻፍ። ካልለየ ምስሉን የሚያጎላ ንጥረ ነገር በደም ሥር ተሰጥቶ የሚነሳ ኤምአርአይ ይታዘዝ፤ ሲቲ ስካን ይበልጥ የሚጠቅመው መሠራጨቱን ለማየት ነው። ፓፕ ስሚር የማህፀን በርን ነው የሚመረምረው፤ «ፓፕ ስሚሬ ደህና ነው» ብሎ መረጋጋት ብዙዎችን ያዘገያል።

መልስ 2፦ ከመሣሪያው ይልቅ ቀዶ ሐኪሙ ላይ ትኩረት ይሰጥ። የማህፀንና ኦቫሪ ካንሰር ልዩ ሐኪም ቢሠራው ይመረጣል። በመርፌ ናሙና እንውሰድ ወይም ፈሳሹን እንምጠጥ ከተባለ አትቀበሉ፤ ዕጢው ከተበሳ ወይም ከፈነዳ በኦቫሪው ውስጥ ብቻ የነበረው ካንሰር ሕዋሱ ሆድ ውስጥ ይፈስና ከደረጃ 1ኤ ወደ 1ሲ ይወጣል። ኬሞቴራፒ ላያስፈልጋት የነበረች ሴት እንዲያስፈልጋት የሚያደርግ ልዩነት ነው። ሳይፈነዳ፣ በከረጢት ውስጥ ሆኖ ይውጣ።

የስምምነት ፎርሙ ላይ ከመፈረሟ በፊት አንድ ጥያቄ ታንሳ፦ በቀዶው መሃል የሚደረገው ፈጣን የናሙና ምርመራ ካንሰር ቢል ምን ታወጣላችሁ? ፈጣኑ ምርመራ ይሳሳታል። ሌላኛው ኦቫሪና ማህፀኑ ጤነኛ ከመሰሉ፣ የታመመውን ከነቱቦው አውጥቶ፣ የሆድ ዕቃ ሽፋንና የሞራ ናሙና ወስዶ የመጨረሻውን ውጤት መጠበቅ ይሻላል። ሁለተኛ ቀዶ ማድረግ ይቻላል፤ የወጣ ኦቫሪ ግን አይመለስም። ጤነኛ የሚመስለውን ኦቫሪም «ለማንኛውም» ብሎ ናሙና መቁረጥ ጠባሳ ከማምጣት በቀር ብዙ አይጠቅምም። ይህ መንገድ ደረጃ 1ኤ ለሆኑ፣ ቀስ ብለው ለሚያድጉ ካንሰሮችና ድንበር ላይ ላሉ (ካንሰር በሆነውና ባልሆነው መካከል ላሉ) ዕጢዎች ይሠራል፤ ለጀርም ሴል ዓይነት ደግሞ ቢሠራጭም እንኳ።

መልስ 3፦ ስለ ማቀዝቀዙ ልመልስ። እንቁላል የሚወጣው ኦቫሪውን በመርፌ በመውጋት ነው፤ የተጠረጠረው ኦቫሪ ላይ ይህ አይደረግም። ስለዚህ ቅደም ተከተሉ ቀዶ፣ ቀጥሎ ከቀረው ኦቫሪ እንቁላል መሰብሰብ፣ ከዚያ ኬሞ ነው። የማነቃቂያ መርፌው ከ10 እስከ 14 ቀን ይወስዳል፤ የወር አበባ መጠበቅ አያስፈልግም፣ በየትኛውም ቀን ይጀመራል። ካንሰሩ ለኤስትሮጅን የሚነቃ ከሆነ ኤስትሮጅንን የሚቀንሰው ሌትሮዞል አብሮ ይሰጣል። በፍጥነት የሚያድግ የጀርም ሴል ዕጢ ከሆነ ግን ኬሞው ሁለት ሳምንት ላይጠብቅ ይችላል፤ ደግነቱ ከእነዚህ ታማሚዎች አብዛኞቹ ከሕክምናው በኋላ የወር አበባቸው ይመለሳል።

ጽንስ ማቀዝቀዝ የወንድ ዘር ይፈልጋል፤ ጥንዶቹ ቢለያዩ የማን ነው የሚለውም ያከራክራል። ለብቻዋ ከሆነች እንቁላል እመርጣለሁ። የኦቫሪ ሥጋ ቆርጦ ማቀዝቀዝ ለሌላ ካንሰር ታማሚዎች ጥሩ ነው፤ ለኦቫሪ ካንሰር ግን መልሶ ሲተከል የካንሰር ሕዋስ አብሮ ሊገባ ስለሚችል አልመክርም። በየወሩ የሚሰጠው መርፌ (ኦቫሪን ለጊዜው የሚያሳርፈው ጎሴሬሊን) 3.6 ሚሊ ግራም በየ28 ቀኑ፣ ከኬሞ ቢያንስ አንድ ሳምንት ቀድሞ ይጀመራል፤ ማስረጃው በብዛት ከጡት ካንሰር የተገኘ ነውና ተጨማሪ እንጂ ምትክ አይሁን።

ማከማቻ ስትመርጡ በፍጥነት የማቀዝቀዝ ዘዴ መጠቀማቸውን፣ የናይትሮጅን ጋኑ (ከዜሮ በታች 196 ዲግሪ) ሌሊትም የሚሠራ ማንቂያ እንዳለው፣ እሷ ብትሞት ወይም ክፍያው ቢቋረጥ ምን እንደሚደረግ በጽሑፍ ጠይቁ። የኤኤምኤች (የቀረውን የእንቁላል ክምችት የሚጠቁም ሆርሞን) ምርመራ ከሕክምናው በፊት ይሠራ። ኬሞ እንዳለቀ መለካት ግን ያስደነግጣል እንጂ አያስረዳም፤ ቁጥሩ በወራት ውስጥ መልሶ ሊወጣ ይችላል።

ጥያቄ፦ ሁለቱም ኦቫሪ መውጣት ካለበትስ?

መልስ 2፦ ያን ጊዜም ማህፀኑ መውጣት እንዳለበት ለብቻው ይጠየቅ። ካንሰሩ ካልነካው፣ ቀድሞ በተቀመጠ እንቁላል ወይም ሕጉ በሚፈቅድበት አገር በሌላ ሴት እንቁላል ማርገዝ ይቻላል። በዚህ ዕድሜ ኦቫሪ ሳይኖር አጥንትና ልብ ስለሚጎዱ፣ የሆርሞን ምትክ ለእሷ የካንሰር ዓይነት ይፈቀድ እንደሆነ ከሆስፒታል ሳትወጣ ይወሰን።