ለእናቴ አሲስትድ ሊቪንግ (አዛውንቶች እየታገዙ የሚኖሩበት ቤት) እየፈለግኩ ነው፤ ምን ምን ልይ?

የመጨረሻ ልጅ፦
ጤና ይስጥልኝ። የምንኖረው አሜሪካ፣ ሜሪላንድ፣ ሲልቨር ስፕሪንግ ነው። እናቴ 82 ዓመቷ ነው፤ ዜግነት አላት፣ ሜዲኬርም (የአዛውንቶች የመንግሥት የጤና መድን) አላት። ስኳር ስላለባት ኢንሱሊን ትወስዳለች። ካለፈው ዓመት ወዲህ መርሳት ጀምራለች። በቀደም እኔ ሥራ ላይ እያለሁ ምድጃ ለኩሳ እንደተወችው እንቅልፍ ወስዷታል። ሁለት ቦታ አየሁ። አንዱ ትልቅ ሕንፃ ነው፤ መግቢያው ሆቴል ያስንቃል፣ ዋጋውም እንደዚያው። ሌላው ተራ መኖሪያ ቤት ነው፤ አምስት አዛውንቶች አሉበት፣ ሐበሻ ኬርጊቨርም (ተንከባካቢ) አለች። ሜዲኬር ይከፍላል? ምንስ ልጠይቃቸው? ወንድሜ «እናታችንን ልትጥያት ነው» ብሎ አኩርፏል። እሱን ለኔ ተዉት።

ነርሷ፦
እህቴ፣ ሜዲኬር የአሲስትድ ሊቪንግ ወርሃዊ ክፍያ አይከፍልም። እሱ የሚሸፍነው ከሆስፒታል ስትወጣ ለአጭር ጊዜ የሚሰጥ የነርሲንግ ሆም (ነርሶች ሌት ተቀን ያሉበት ተቋም) ሕክምና ነው። ያም ቢበዛ 100 ቀን ነው፤ ከ20ኛው ቀን በኋላ ደግሞ በየቀኑ የምትከፍለው ድርሻ አለባት። ገቢዋ ዝቅተኛ ከሆነ ሜዲኬይድን፣ ማለትም ዝቅተኛ ገቢ ላላቸው የሚሰጠውን የመንግሥት የጤና መድን፣ ጠይቂ። ሜሪላንድ ኮምዩኒቲ ኦፕሽንስ የሚባል ፕሮግራም አላት። የእንክብካቤውን ይከፍላል፤ የክፍሉንና የምግቡን አይከፍልም። ወረፋ ስላለው ሜሪላንድ አክሰስ ፖይንት (አዛውንቶችን ከእርዳታ ፕሮግራሞች ጋር የሚያገናኝ ቢሮ) ደውለሽ ከአሁኑ አስመዝግቢያት። ንብረቷን ወደ ልጆች ለማዛወር ደግሞ አትቸኩሉ፤ ሜዲኬይድ የነርሲንግ ሆም ወይም የእንዲህ ያለ ፕሮግራም ማመልከቻ ሲያይ 5 ዓመት ወደ ኋላ ሄዶ ይመረምራል።

ከዚያ የቤቱን የሥራ ፈቃድ እዪ። እዚህ ፈቃድ ሦስት ደረጃ አለው፤ አንድ ቀላል እንክብካቤ፣ ሦስት ከባድ። የእናትሽ ሕመም እየባሰ የሚሄድ ዓይነት ነው። ዝቅ ያለ ደረጃ ያለው ቤት ነገ «ከአቅማችን በላይ ሆነች» ሊልሽ ይችላል። ነርሳቸው ቢያንስ በየ45 ቀኑ መጥታ ነዋሪዎቹን ማየት አለባት። ባለቤቱን ሳይሆን እሷን አነጋግሪ። ኢንሱሊኑን ማን ይሰጣታል? ሌሊት ስኳሯ ቢወርድ የሚያውቅ ሰው ነቅቶ ያድራል ወይስ ተኝቶ?

የማታ ሾፌር፦
ሳትደውዪ ቅዳሜ ወይም እሑድ ማታ ሂጂ። ቀን በቀጠሮ ስትሄጂ ሁሉም ቤት ያምራል። ለአባቴ ስፈልግ አንድ የተወራለት ቤት በራት ሰዓት ገባሁ። የጥሪ ደወሉ ገመድ ተጠቅልሎ ግድግዳው ላይ ተሰቅሏል። የውኃ ብርጭቆው መስኮቱ ጋ ነው፤ ሽማግሌው አልጋ ላይ ሆነው እጃቸው አይደርስም። ሌላ ምንም አልጠየቅኩም፣ ወጣሁ።

እትዬ፦
«ሐበሻ ኬርጊቨር አለች» ሲሉሽ በሳምንት ስንት ቀን እንደምትገባ ጠይቂ። እናቴ እዚህ አገር ዕድሜዋን የሠራችበት እንግሊዝኛ ቀድሞ ጠፋባት። ሌሊት ሽንት ቤት ውሰዱኝ ስትል የሚሰማት አልነበረም። ምግቡንም አደራ። ሁዳዴ ገብቶ ዶሮ ያቀርቡላታል፣ እሷ ትገፋዋለች፣ እነሱ «አልበላም አለች» ብለው ይጽፋሉ። በኋላ ነው መድኃኒት ሊጨምሩላት ሲሉ የደረስንበት! ኢንሱሊን ለሚወስድ ሰው ባዶ ሆድ መዋል አደጋ ነው። ሐኪሟንም የንስሐ አባቷንም አስቀድመሽ አነጋግሪ፤ ለታመመ ሰው ይፈቅዳሉ። የተስማማችሁትን በጽሑፍ ለቤቱ ስጪ።

አንድ ነገር ልጨምር። ማታ አንቺ ቤት ነሽ እንዴ? ምድጃው የተለኮሰው በቀን ከሆነ ችግርሽ ቀኑ ነው። ሜዲካል ዴይ ኬር ለምን አትሞክሪም? ቫን መጥቶ ይወስዳታል፣ ምሳ አለ፣ ነርስ አለ፣ እዚያ ሰፈር ብዙ የኛ እናቶች ይውላሉ። ሜዲኬይድ ካላት ሊከፍልላት ይችላል።

የመጨረሻ ልጅ፦
አዎ፣ ማታ ቤት ነኝ። ዴይ ኬሩን አላሰብኩትም ነበር፤ ሰኞ እደውላለሁ። ትንሹን ቤት ግን ሙሉ በሙሉ አልተውኩትም። ውሉን ሰጥተውኛል፣ ሳልፈርም ምኑን ልይ?

ነርሷ፦
እንክብካቤዋ ሲጨምር ዋጋው እንዴት እንደሚጨምር እዪ። ሆስፒታል ብትገባ ክፍሏን ይይዙላታል? በምን ምክንያት፣ በስንት ቀን ማስጠንቀቂያ ሊያስወጧት ይችላሉ? ቅድሚያ የሚከፈለው ገንዘብ ይመለሳል? በቃል «አታስቢ» ካሉሽ እዚያው ላይ አስጽፊው። የነዋሪዎችን አቤቱታ በነፃ የሚከታተል ኦምቡድስማንም በየካውንቲው አለ። ደውይና ስለዚያ ቤት ጠይቂያቸው።